ዘር የጫነችው እምቢተኛ መኪና፤ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም

ጅማ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ከተመለስሁ ወዲህ የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወሎ እንዴት ነበር?» ትሉኛላችሁ። በየቤቱ ያንኑ ወሬ እየደጋገምሁ ጉሮሮዬ ደረቀ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገለው፤ ከዛሬ በኋላ የሚጠይቀኝ ይህን ያንብብ። ስለ ረሃቡ በራዲዮ የሰማችሁትን አልደግምላችሁም። የምነግራችሁ ስለ አንድ መንገድ፣ በመንገዱ መካከል እምቢ ስላለች አንዲት መኪና፣ እምቢ ባለችበት ቀን ስላስተናገዱን ሰዎች ነው።

ወሩ ሰኔ ነበር። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ሚኒስትሮቻቸው ግን አንድ በአንድ እየታሰሩ ስማቸው በራዲዮ ይነበባል። ደሴ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በአድማው ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የእርዳታ እህል በሚከማችበት መጋዘን በፈቃዴ አግዝ ነበር። አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ጠራኝና «አንቺ አፍሽ ስለት ነው፤ መንገድ ላይ ማንም አያታልልሽም። ይህን የዘር ገብስ መካነ ሰላም አድርሰሽ አስረክቢ» አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ዘሩን ፍለጋ የመጡት ሰው ቄስ እንግዳ ይባላሉ። ከመካነ ሰላም አጠገብ ካለ ደብር ደሴ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ ከርመው፣ በመጨረሻ አንድ መኪና ገብስ አስፈቅደዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ከሰውነታቸው የሚከብድ የሚመስል ሰው ናቸው። የደብራቸው ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በልቶ ጨርሷል። አገሩን ጥሎ ሊሰደድ ጓዙን ሲያስር እሳቸው ለምነው፣ በግዝት ይዘው አስቀሩት።

«እስከ ሰኔ ሚካኤል ጠብቁኝ አልኋቸው» አሉኝ። «ቅዳሴው እስኪወጣ ዘር ይዤ ካልደረስሁ ሂዱ፣ አልይዛችሁም አልኋቸው። ቢሄዱ እንግዲህ የሚሄዱት ወደ መንገድ ዳሩ የረሃብተኛ መጠለያ ነው። ከዚያ የገባ ሰው በሬው የለ፣ ዘሩ የለ፣ ምን ብሎ ይመለሳል ልጄ? ዝናቡም ይኸው ጀምሯል፤ የሚዘራበት ጊዜ ካለፈ አለፈ ነው።»

ይህን ያሉኝ በተነሳንበት ማለዳ ነው፤ ሚካኤል ከነገ ወዲያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ከደሴ ማለዳ ወጣን። ሾፌራችን ጋሽ መኮንን ይባላል፤ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ ከከንፈሩ የክብሪት እንጨት የማይጠፋ የደሴ ልጅ ነው። መኪናዋን «እመቤቴ» ብሎ ነው የሚጠራት፤ ቄስ እንግዳ በሰሙት ቁጥር ያማትባሉ። እመቤት የተባለችው ዕድሜዋ የገፋ፣ ቤንዚን እንጂ ናፍታ የማትቀምስ፣ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበር የሚያውቅ የሌለ የጭነት መኪና ናት። ሦስታችንም ከፊት ተደረደርን፤ መካከል ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። በአንድ በኩል የማርሹ ዘንግ ጉልበቴን፣ በሌላ በኩል የቄስ እንግዳ መቋሚያ ጎኔን ሲወጋኝ ዋለ።

እኛ አገር ዳገት በወጡ ቁጥር ደኑ እየጠቆረ ይሄዳል። እዚያ ግን በወጡ ቁጥር ዛፉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጉጉፍቱ ከሚባለው ከፍታ ሲደርሱ ጭራሹን ያልቃል። የቀረው ሣር፣ ድንጋይና ነፋስ ነው። ብርዱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የጅማ ዝናብ ሲያረጥብህ ሞቅ ያለ ነው፤ ልብስህን አውልቀህ ጨምቀህ ትለብሳለህ። የጉጉፍቱ ዝናብ ከልብስ አልፎ አጥንት ይጠይቃል። ጉም ደግሞ እንደ ልቡ እየመጣ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ጋሽ መኮንን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ በማሽተት ነው የሚነዳው ልል እችላለሁ።

ምሳችንን አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ በላን። ድንቹ ትንንሽ ነው፤ ግን እጅ ስለሚያሞቅ ቶሎ ላለመጨረስ እየተጠነቀቅሁ ነው የበላሁት። ባለቤቷ ዘር እንደጫንን ስትሰማ የሻዩን አላስከፍልም ብላ ክርክር ገጠመችን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን «መንገድ» ብሎ የሰየመውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ጎማ ፈነዳ። ጎማው ተቀይሮ ትንሽ እንደሄድን ጭቃ ዋጠን። ድንጋይ እየለቀምን፣ ከጎማዋ ሥር እየጠቀጠቅን፣ እየገፋን አወጣናት፤ ስትወጣ በኋላ ጎማዋ የረጨችው ጭቃ እኔንም፣ ቄስ እንግዳንም፣ ራሷንም ከላይ እስከ ታች ለቀለቀን። ቄስ እንግዳ ጥምጥማቸውን እያራገፉ «ተጠመቅን» አሉ። ያን ዕለት ጭቃ ያልነካው የጋሽ መኮንን የክብሪት እንጨት ብቻ ነበር።

ሊመሽ ሲል ገና ለጋምቦ በሚባለው አገር ከፍታ ላይ ነበርን፤ ልናድርባት ያሰብናት አቀስታ ሩቅ ናት። ዝናቡ ጠንክሮ መብራቷ ከአፍንጫዋ አልፎ አላሳይ ሲል፣ ከመንገዱ ዳር የድንጋይ ግድግዳ ያለው አንድ የሣር ቤት ደጅ ላይ አቆምን።

«ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን!» አለ ጋሽ መኮንን።

«መርሐባ! ግቡ፣ ግቡ! እንግዳ በዝናብ አይቆምም» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

የቤቱ ጌታ አቶ ሁሴን ይባላሉ፤ ጢማቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸውን እትዬ ዘሀራ እንላቸው ነበር። አቶ ሁሴን የቄስ እንግዳን ጥምጥም ሲያዩ «አባ፣ እዚህ እሳቱ ዳር ይሁኑ» ብለው የራሳቸውን መደብ ለቀቁላቸው። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ እንጨት ይጨመራል፤ እዚያ የሚነደው ኩበት ነው፣ እሱንም ለእኛ ሲሉ ሁለቴ ጨመሩ። ለእራት የቀረበልን አንዳንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ሳማ ነው። አዎ፣ ያው እኛ ልጅ የምንቀጣበት ሳማ! ሲበስል አይለበልብም፤ ጎመን ጎመን ይላል። ቆሎውን እነሱ እንዳልበሉት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳማውን እየበሉ ቆሎውን ወደ እኛ ይገፉት ነበር። ከኋላዬ እህል የሚቀመጥበት፣ ሰው የሚያህል የጭቃ ጎታ ቆሟል፤ ደገፍ ስለው ባዶነቱ በጀርባዬ ተሰማኝ።

አቶ ሁሴን ምን እንደጫንን ጠየቁ። ጋሽ መኮንን በክርኑ ጎሰመኝ፤ የተራበ አገር ላይ እህል ጭነናል እንዳንል መንገዱን ሁሉ ሲያስጠነቅቀን ነበር። እኔ «ሲሚንቶ» ልል አፌን ስከፍት ቄስ እንግዳ ቀደሙኝ።

«ዘር ነው ወንድሜ። ለቦረና፣ ለመካነ ሰላም ገበሬ የሚሆን የዘር ገብስ።»

አቶ ሁሴን ወደ እኛ ሊገፉት የያዙትን ቆሎ አስቀመጡ። «ዘር!» አሉ። ወጥተው በሸራው ሥር እጃቸውን ሰደው ጆንያውን ዳሰሱት፤ ሲመለሱ «ዘር ጭኖ የመጣ እንግዳ አስተኝቶ የቤቱ ጌታ አይተኛም። ከመኪናዋ ሥር የማድረው እኔ ነኝ» አሉ። ጋሽ መኮንን በጆሮዬ «ጅብ ለሥጋ ጠባቂ» ብሎ አጉረመረመ፤ ድካም ግን ከጥርጣሬ ይበረታልና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ስንነሳ አቶ ሁሴን የሉም። «ገና ሳይነጋ መርዶ መጣ፤ ከማዶው መንደር ሰው ሞቶ ለቀብር ሄደ። እንዲህ ሆኗል ኑሯችን» አሉን እትዬ ዘሀራ። ጋሽ መኮንን ሮጦ ጆንያዎቹን አየ፤ አንድም አልጎደለም። ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ ጠርቷል። ቄስ እንግዳ ዛሬ ተጉዘን ነገ በቅዳሴ ሰዓት እንደርሳለን ብለው ፊታቸው በርቶ ነበር።

ጋሽ መኮንን ቁልፉን አዞረ። እመቤት ጢር ጢር ጢር አለች፤ አንዴ ሳለች፤ ዝም አለች። ደግሞ አዞረ። ጢር ጢር ጢር፣ እህ፣ ዝም።

«ብርድ ነው» አለ። ትንሽ ቆየንና ሞከረ። ያው ነው። ያን ጊዜ የክብሪት እንጨቱን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረና ወረደ፤ ኮፈኑን ከፈተ። «ስሚ አስተማሪ» አለኝ፤ «የሚያዞራት ሞተሪኖ ደህና ነው፣ ባትሪውም አለ። የሚያዞርና የሚያስነሳ ግን ለየቅል ነው። ለመነሳት ሦስት ነገር ትፈልጋለች፤ እሳት፣ ቤንዚን፣ አየር። አንዱ ጠፍቷል። የጠፋውን ፈልገን እናገኛለን፣ እንሄዳለን።» እንዲህ ሲለው በጣም ቀላል ይመስል ነበር።

መጀመሪያ እሳቱን ፈለገ። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ዕቃ ማለት ነው፣ ፈታና ከሽቦው ጋር አያይዞ «ይህን ብረት አስነክተሽ ያዥ» ብሎ ሰጠኝ። የት ላይ መያዝ እንዳለብኝ ግን አልነገረኝም። ቁልፉን ሲያዞረው ክንዴን እስከ ትከሻዬ አንድ ነገር መታኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አልሁ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ጋሽ መኮንን በደስታ «እሳት አለ!» ብሎ ጮኸ። መኖሩን እኔም መስክሬ ነበር።

ቀጥሎ ቤንዚኑን ፈተሸ። ውኃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ቀድቶ የሚያጠልልበት ጨርቅ ሲያጣ ነጠላዬን አየው። ነጠላው እናንተ የላካችሁልኝ ነው፤ ይቅር በሉኝ፣ እስካሁን ቤንዚን ይሸታል። ጥርት ያለ ቤንዚን ወረደ፣ ውኃ የለም። «እንግዲህ አየር ነው» አለና የአየር ማጣሪያውን ፈታ። ማጣሪያው በጭቃ ተደፍኗል! ሁላችንም «እሰይ» አልን። አራግፎ፣ ጠርጎ፣ ገጥሞ ቁልፉን አዞረ።

ጢር ጢር ጢር፣ እህ፣ ዝም።

የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ባትሪው መድከም ስለጀመረ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኒቬላው ለማስነሳት ሞከረ፤ ላቡ እስኪንጠባጠብ አዞረ። ጎረቤቶቹ ሳንለምናቸው ሊገፉ መጡ። ወንዶቹ ክንዳቸው የቀጨጨ ነው፤ «ያ አላህ!» እያሉ ገፏት፣ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፣ ደግመው ገፏት። አንደኛው ሰው ጉልበቱ ከዳውና ተቀመጠ። ጋሽ መኮንን ፊቱን አዙሮ «በቃ፣ በቃ ወንድሞቼ፣ ተዉ» አለ። ምሳ ያልበላ ሰው መኪና ሲገፋ ማየት ደስ አይልም፤ እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

የሚደረግ አልቆ ሲቀር ወደ ላይ ተኬደ። ቄስ እንግዳ ከኮሮጇቸው ጠበል አውጥተው ኮፈኗ ላይ ረጩ። ከጎረቤት የመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አለ። እኛ አገርም አብረን እንኖራለን፤ በአንድ መኪና ላይ ግን ጠበልና ዱዓ ተደርቦ ያየሁት እዚያ ነው። እመቤት ግን ሁለቱንም አልሰማችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአህያ ስለመጫን ተወራ። በመንደሩ በረሃቡ ያላለቁት አህዮች ሦስት ናቸው፤ ቢጭኑም ነገ አይደርሱም። ቄስ እንግዳ ይህን ሰምተው ተነሱ። ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ከአንዱ ጆንያ ገብስ ቀዱበትና አሥረው ጀርባቸው ላይ አዘሉት።

«ወዴት ነው አባ?» አልኋቸው።

«ወደ ሰዎቼ ነዋ።»

«በእግርዎ? ለነገ አይደርሱም እኮ!»

«ባልደርስ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ዘሩን አሳያቸዋለሁ። ዓይናቸው ካየ ምናልባት ይመለሱ ይሆናል» አሉና መቋሚያቸውን አንስተው ጉዞ ጀመሩ። ጀርባቸው ላይ የተቋጠረው ቢዘራ የአንድ ሰው ጓሮ አይሞላም። እኔ አለቀስሁ።

ጋሽ መኮንን ግን አላለቀሰም፤ ተናደደ። «እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ አየር አለ» አለ ለራሱ። «ትስላለች፣ ግን አትተነፍስም... አትተነፍስም...» ድንገት ዞሮ አየኝ። «አስተማሪ! ውጪና ቁልፉን አዙሪልኝ። እኔ ከኋላ ትንፋሿን ልያዝ።» መኪናዋ ላይ ወጥቼ አዞርሁ። ከኋላ የሰማሁት ጩኸት ግን ያልጠበቅሁት ነው።

«ማርሚታዬ የት ሄደ?»

አበደ ብዬ ወረድሁ። ማርሚታ የሚሉት ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ነው። ቱቦው ጫፍ መኖር ባለበት ቦታ ጭቃ ብቻ ይታያል። ጠዋት አንዳችንም ያላየነው መኪናዋ ሁለመናዋ ጭቃ ስለሆነች ነው። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ይህኛው ጭቃ የተረጨ አይደለም፤ በእበት ተቦክቶ፣ በእጅ ተለስኖ፣ የጣት ዱካ ያለበት ነው። ጋሽ መኮንን በካቻቢቴ ቧጠጠው። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ወጣ፤ በድንጋይ ተመትቶ የገባ ስለሆነ ለመንቀል ታገለ። ሲነቀል እመቤት ከውስጧ ፉ ብላ ተነፈሰች።

ጋሽ መኮንን ውታፉን ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ሰዉ ዞረ። «ይኸው ክፋት! ይኸው ሸር! ቀኑን ሙሉ እያለቀስን ከጎናችን ቆማችሁ ታያላችሁ! ከእናንተ ማነው? ፖሊስ ሳላመጣ ይናገር!»

«ወላሂ ከእኛ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም!» አሉ ዱዓ ያደረጉት አዛውንት። ማንም አልሰማቸውም። ደሜ ስለፈላ እኔም አብሬ ስጮህ ነበር፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ያወደሰው አፌ ያን ጊዜ ሥራ አገኘ።

በዚህ መሀል አቶ ሁሴን ከቀብር ተመለሱ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ፊታቸው ዝሏል። የጋሽ መኮንንን እጅ ሲያዩ ግን ፈገግ አሉ።

«ጎሽ፣ ነቀላችሁት! ሳልነቅለው ወጥቼ ሲያሳስበኝ ዋለ። አይጥ አልገባም አይደል?»

«አንተ ነህ የወተፍኸው?» አለ ጋሽ መኮንን፤ ማታ «እርስዎ» ይላቸው የነበረውን ረስቶታል።

«እኔ ነኝ እንጂ። ማታ ከሥሯ ስገባ በእጄ ስዳስስ ቀዳዳ አገኘሁ። እሳቷ ጠፍቷል፣ ቀዳዳዋ ክፍት ነው፣ የተሸከመችው ደግሞ ዘር ነው። አይጥ እኮ ቀዳዳ ካገኘች ወዴት ያስኬዳል ብላ አትጠይቅም። በኛ አገር ዘር የገባበት ነገር ተወትፎ ሳይመረግ አያድርም። ለሱብሒ ሶላት ስነሳ እነቅለዋለሁ ስል መርዶው ቀደመኝ።» ከዚያ ወደ እያንዳንዳችን ፊት ተራ በተራ አዩ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

መኪና በቱቦዋ ካልተነፈሰች እንደማትነሳ፣ ቀኑን ሙሉ የቆምነው በዚያ ምክንያት እንደሆነ፣ ቄስ እንግዳ ዘር አዝለው በእግራቸው እንደሄዱ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። አቶ ሁሴን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያ ረቢ! ዘሩን ጠበቅሁ ብዬ ገበሬውን አስቀረሁት!» እያሉ ተቀመጡ። የሚያጽናናቸው ጠፋ።

ጋሽ መኮንን ውታፉን እያገላበጠ ያይ ነበር። እንጨቱ አሮጌ ነው፤ ከመነካት ብዛት ያበራል። «ይህን ከየት አመጡት?» አለ፤ «እርስዎ»ው ተመልሷል።

«ከጎታዬ፣ ከእህል ማውረጃው ቀዳዳ ነቅዬው ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጎታው እንደሆነ ባዶ ነው፤ ምን ይጠብቅለታል?»

ጋሽ መኮንን የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ ጣለው። ከአቶ ሁሴን ፊት ጭቃው ላይ ተንበርክኮ «አውፍ ይበሉኝ ጋሼ» አለ፤ «ፖሊስ ያልሁትን አውፍ ይበሉኝ።» ትናንት ጅብ ያላቸውን አልተናገረም፤ እኔም አላወጣሁበትም።

እመቤት በመጀመሪያው ዙር ተነሳች። ጥቁር ጭስ ተፋች፣ አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፤ እትዬ ዘሀራ እልልታውን ለቀቁት። ቄስ እንግዳን ብዙም ሳይርቁ ደረስንባቸው። ታሪኩን ስንነግራቸው ወደ አቶ ሁሴን ቤት ካልተመለስን አልሄድም አሉ። ተመለስን። ከጀርባቸው ያወረዱትን ገብስ ከነጋቢው አቶ ሁሴን እግር ሥር አስቀመጡት።

«የሰው ዘር ነው አባ፣ አልነካም» አሉ አቶ ሁሴን።

«የሰው አይደለም። ለእኔ ቤት የሚደርሰኝ ድርሻ ነው፤ መሬቴ ትንሽ ነው፣ የቀረው ይበቃኛል። ዘር እንዲህ የሚጠብቅ ገበሬ ያለ ዘር ሊቀር ነው? ይዝሩት።»

አቶ ሁሴን ብዙ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ግን እትዬ ዘሀራ ሰፌድ ይዘው መጡና ተቀበሉ። ገብሱ ጎታው ውስጥ ሲገባ የታችኛው ወለል ላይ ሲበተን ሰማነው። አስቀድመው መልሰው የመቱትን ውታፍ አቶ ሁሴን በጭቃ መረጉት። ልንሄድ ስንል በመስኮት በኩል የጋሽ መኮንንን እጅ ይዘው «አብሽር፤ ትደርሳላችሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉት።

አቀስታ የደረስነው በመሸ ነው። ያረፍንበት ቡና ቤት አልጋው ቁንጫ እንጂ ሌላ ባለቤት የለውም። ሽሮው ግን ትኩስ ነበር። ጋሽ መኮንን ከመተኛቱ በፊት ወጥቶ የማርሚታዋን አፍ በጣቱ ፈተሸ፤ ጠዋትም ፊቱን ሳይታጠብ ያንኑ አደረገ።

ሦስተኛው ቀን

ሰኔ ሚካኤል። ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ እየወረደ አገሩ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ቁጥቋጦ ይታያል፣ አየሩም ይራራል። በጅማ ዓይን ካያችሁት ገና ራቁቱን ነው፤ ለእኔ ግን ከጉጉፍቱ ብርድ መጥቼ ገነት መሰለኝ። ጭቃው ደጋግሞ ያዘን። ጋሽ መኮንን ሞተሩን ማጥፋት ስለፈራ ለመብላትም አልቆመ፤ በሶ እየበጠበጥሁ እየነዳ ሳለ አጠጣሁት። ቄስ እንግዳ ፀሐይዋን ብቻ ያያሉ። «ቅዳሴ ገብቷል» አሉ አንድ ጊዜ። ቆይተው ደግሞ «ወጥቷል» አሉ።

መካነ ሰላም ሊቃረብ ሲል ከፊታችን በመንገዱ ላይ የሰው ሰልፍ አየን፤ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። ጓዝ ተሸክመዋል፤ ልጅ ያዘለች፣ ድስት የተሸከመ፣ ሽማግሌ የሚደግፍ። ቄስ እንግዳ ከወንበራቸው ሲነሡ ጥምጥማቸው ጣራውን መታ።

«ቁም! ቁም መኮንን! የኔ ናቸው!»

መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፍተው ወረዱ። ሰዉ ቆመ። ማንም እልል አላለም፤ ደክሟቸዋል፣ ተስፋም ቆርጠዋል። ከፊት የነበረች አስካለ የምትባል ሴት ለቄሱ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሸራውን ገልጣ እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች። አንድ ፍሬ አውጥታ በጥርሷ ከፈለችና ውስጡን በደንብ አየችው።

«ይበቅላል?» አለች።

«ይበቅላል» አሏት ቄስ እንግዳ።

አስካለ ዕቃዋን ከጀርባዋ አስተካከለችና ፊቷን ወደ መጣችበት አዞረች። ሌላውም አንድ በአንድ ተከተላት። ኑ ውጡ፣ ጭነቱ ላይ ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ዘር ላይ አንቀመጥም አሉ። መኪናዋ በሰው እርምጃ እነሱን ተከትላ መካነ ሰላም ገባች። ሁሉም አልተገኙም፤ በዋዜማው በሌላ መንገድ ያቀኑ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ቄስ እንግዳም በማግስቱ ሰው ላኩባቸው።

ዘሩን አስረከብሁ፤ ከመምሸቱ በፊት ለየቤቱ ተከፋፈለ። ያን ምሽት ያደርሁት አስካለ ቤት ነው። ከበሶዬ የተረፈውን ለልጆቿ በጠበጥሁላቸው፤ ለአምስት አፍ አልበቃም። የዘሩ ከረጢት ከእሳቱ ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሌላ ቦታ ቢሆን አንዲት እፍኝ ትቆላ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ልናገረው ግን አፈርሁ። ደጅ ወጥቼ ቆምሁ። መንደሩ ሁሉ የተራበ ነው፣ በየቤቱ ገብስ አለ፣ ገብስ ሲቆላ ግን ከአንድም ቤት አልሸተተኝም።

ጠዋት የአስካለ ባል ከጎረቤት ጋር ባቀናጃቸው በሬዎች መሬቱን ከፈተ። ከረጢቱን ፈትቶ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሲበትን ልጆቹ ከማሳው ዳር ቆመው ያዩ ነበር። ፍሬው እግራቸው ሥር ድረስ ተረጨ። ትንሿ ልጅ ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር የወደቁትን ፍሬዎች ለቀመችና፣ በሁለት እጇ ይዛ ሄዳ ወደ ትልሙ ጣለቻቸው።